ግንብ መገንባት ለተከዘ ልብ

ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውሎ ወደ ማታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ፤ ሰውነቱ በወንበር ላይ ዐርፎ ሳለ ልቡ ግን ሳያርፍ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው። ራት ቀርቦለት ጠዋት የፈረመውን ደብዳቤ ያስባል፤ ልጁ ሲያነጋግረው የአለቃው ፊት ይታየዋል፤ ከተኛም በኋላ በውድቅት ነቅቶ ነገ የሚጠየቅበትን ጉዳይ ሲያገላብጥ ይነጋበታል። እንዲህ ያለው ሰው ከቤተ ዘመዱ ሁሉ «ዕረፍ፤ ተኛ፤ አታስብ» የሚል ምክር ይሰማል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን «አታስብ» ስለ ተባለ ማሰቡን የተወ ሰው እኛ እስከ ዛሬ አላየንም። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አእምሮ እህል እንዳልገባበት ወፍጮ ነው፤ መዞሩን አይተውም፤ የሚፈጨው ቢያጣ ድንጋዩ ድንጋዩን ይፈጫል።

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው፤ ዕረፍት ያላቃለለውን ትካዜ የገዛ እጅ ሥራ፤ ይልቁንም ጡብን በጡብ ላይ ድንጋይን በድንጋይ ላይ አድርጎ አንዳች ነገር ማቆም፤ እንዴት እንደሚያቃልለው ነው። ማስረጃችንም ከሩቅ ተረት የተቀዳ አይደለም፤ በመንግሥት ከፍተኛ ሹመት ላይ ተቀምጠው ሳሉ ግንበኝነት የተማሩ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው፤ የኢትዮጵያ መሆኑን ካላመለከትን በቀር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሰር ዊንስተን ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው መንግሥታቸውን እንደ መሩ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን፤ እኒያ በክፉ ወሬ የማይናወጡ ይመስሉ የነበሩት ሰው አልፎ አልፎ ብርቱ ትካዜ ይጎበኛቸው የነበረ መሆኑን ነው። ይህንንም ትካዜ «ጥቁር ውሻ» ብለው ሰይመውት ነበር። በ1911 ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ክሌመንታይን በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ፤ አንዲት የሚያውቋት ሴት በአንድ የጀርመን አገር ሐኪም ከትካዜ መፈወሷን ሰምተው፤ ውሻው ተመልሶ የመጣ እንደ ሆነ ይኸው ሐኪም ሳይጠቅማቸው እንደማይቀር አመልክተዋል። የሕይወት ታሪካቸውን ከጻፉት ሊቃውንት መካከል ይህ ነገር ከባድ ደዌ ነበር የሚሉ አሉ፤ ከልክ በላይ ተጋኗል የሚሉም አሉ። እኛ ሐኪሞች ስላልሆንን በፍርዱ ውስጥ አንገባም። የደረሰባቸው መከራ ግን ማንንም ሰው የሚያስተክዝ እንደ ነበረ አያከራክርም።

በ1915 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሳሉ የዳርዳኔልስ ዘመቻ ከሸፈ፤ ጥፋቱም በርሳቸው ላይ ተላከከ፤ ከሥልጣናቸው ወርደውም ሥራው እምብዛም በሆነ ሌላ ሹመት ላይ ተቀመጡ። ከሹመት የወረደ ሰው ሐዘን ምን እንደሚመስል ከአንባቢዎቻችን መካከል የሚያውቅ አይጠፋም። ትላንት በሩ ላይ ሰው ይጋፋበት የነበረው ቤት ዛሬ ጭር ይላል፤ እጅ የሚነሣው ሁሉ መንገዱን ይለውጣል፤ ሁሉም ይቅርና የሚያደርገው ነገር ማጣቱ ብቻ ሰውን ያሳምማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ክሌመንታይን በዚያን ጊዜ ባላቸው በሐዘን ይሞታሉ ብለው ፈርተው እንደ ነበረ በኋላ ተናግረዋል። በዚያው በጋ በገጠር በተከራዩት ቤት ሳሉ የወንድማቸው ሚስት ሥዕል ስትሥል አዩና የልጆች ቀለም ተቀብለው ሞከሩ፤ ከዚያም ወዲህ ሥዕልን እስከ እርጅናቸው አልተዉም። በ1921 ደግሞ በሰኔ ወር እናታቸው፤ በነሐሴ ወር ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ማሪጎልድ ሞቱባቸው። በዚሁ ዓመት መጨረሻ በአንድ መጽሔት ስለ ሥዕል ባወጡት ጽሑፍ፤ የደከመ አእምሮ የሚያርፈው ሥራ በመፍታት ሳይሆን ሥራ በመለወጥ ነው፤ አንዱ ክፍል እንዲያርፍ ሌላው ክፍል መሥራት አለበት የሚል ሐሳብ ገልጸዋል። የጡቡም ነገር ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ይመስለናል።

በ1922 በኬንት አውራጃ ውስጥ ቻርትዌል የሚባለውን ቤት ከነመሬቱ በ5 ሺሕ ፓውንድ ገዙ። ወይዘሮ ክሌመንታይን ቤቱን አልወደዱትም፤ የሚያስወጣውም ገንዘብ ያሳስባቸው ነበር፤ ስጋታቸውም ከንቱ እንዳልነበረ በኋላ ታይቷል። ባልየው ግን ኩሬ ማስቆፈር፤ ግድብ መሥራት፤ ዛፍ መትከል ያዙ፤ ከ1925 ዓመት ጀምሮም የጓሮውን አትክልት የሚከበውን የጡብ ግንብ በገዛ እጃቸው መገንባት ጀመሩ። ልብ ይባልልን፤ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። ጠዋት የታላቁን መንግሥት በጀት ሲመረምሩ የነበሩት እጆች ከሰዓት በኋላ የግንበኛ ማንኪያ ይዘው በጡብ ላይ ጭቃ ይለስኑ ነበር። ልጆቻቸው ሣራና ሜሪም ጡብ እያቀበሉ ይረዷቸው ነበር፤ ለታናሺቱ ለሜሪም በዚያው በግቢው ውስጥ መጫወቻ የሚሆን አንድ ትንሽ የጡብ ቤት ሠርተውላታል። በ1928 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሚስተር ቦልድዊን በጻፉት ደብዳቤ፤ ያለፈው ወር በቀን 200 ጡብና 2 ሺሕ ቃል እየሠሩ በደስታ ያሳለፉት እንደ ነበረ ገልጸዋል፤ 2 ሺሑ ቃል ያን ጊዜ ሲያጽፉት የነበረው መጽሐፍ ነው።

ወሬው በጋዜጣ ሲሰማ የግንበኞች ማኅበር አባል እንዲሆኑ ተጋበዙ፤ እርሳቸውም 5 ሺሊንግ ከፍለው ካርዳቸውን ተቀበሉ። ከዚህ በኋላ የማኅበሩ ብዙ አባሎች ተቆጡ፤ ምክንያቱም ሚኒስትሩ በ1926 በተደረገው ታላቅ የሠራተኞች አድማ ጊዜ ከአድማው ተቃዋሚዎች ፊተኛው እንደ ነበሩ አልረሱም። የማኅበሩም ሸንጎ አባልነቱ አይጸናም ብሎ ወሰነ። ግንበኞቹ ስለ ተቆጡ አንፈርድባቸውም፤ ለእነሱ ጡብ እንጀራ ነው፤ ለሚኒስትሩ ግን መድኃኒት ነበረ።

ስለ ምን ጡብ መድኃኒት ይሆናል? ነገሩን በቅርብ ያየ ሰው መልሱ አይጠፋውም። ግንበኛ ክሩን ይወጥራል፤ ጭቃውን ያነጥፋል፤ ጡቡን ያስቀምጣል፤ በማንኪያው እጀታ ያንኳኳዋል፤ በውሃ ልክ ያየዋል፤ ከክሩ ያለፈውን ወደ ውስጥ ይመልሳል፤ ከዚያም የሚቀጥለውን ያነሣል። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ፈጽሞ አይከለከልም፤ ግን አይመችም። አሳቡ ከዓይንና ከእጅ ጋራ ታስሯልና። የመንግሥት ሥራ የሚያደክመው አንዱ ምክንያት መጨረሻው የማይታይ መሆኑ ነው፤ ዛሬ የተጻፈው ደብዳቤ መልካም ይሁን ክፉ የሚታወቀው ከዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ብዙ ሰው ገብቶበት ማን እንደ ሠራው ሳይታወቅ ነው። ጡብ ግን ወዲያው ይናገራል። ከተጣመመ ተጣሟል፤ ማንም በንግግር ሊያቃናው አይችልም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሠሪው ዞር ብሎ ቢመለከት ጠዋት ያልነበሩ ሦስት ረድፎች ቆመው ያያል፤ የተከዘ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚርበው ይህን ማየት ነው፤ ትካዜ «አንተ ምንም አትረባም» እያለ ሲያንሾካሹክበት ይውላልና።

በ1929 የፓርቲያቸው መንግሥት በምርጫ ተሸነፈና ሚኒስትሩ ከሥልጣን ወጡ፤ በዚያው ዓመት በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ ብዙ ገንዘብ ጠፋባቸው፤ እስከ 1939 ድረስም ዐሥር ዓመት ያህል ያለ ሹመት ተቀመጡ። እንደ 1915ቱ ጊዜ ግን ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ግንቡ እስከ 1932 ድረስ ቀጥሏል፤ መጻሕፍትም ጽፈዋል፤ ሥዕልም ሥለዋል። ጡቡ ጥቁሩን ውሻ ገደለው ብለን አንናገርም፤ ከበር ውጭ እንዲውል ሳይረዳቸው አልቀረም ብንል ግን ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «እኒህ ሰው ባለ ርስትና ባለ ጸጋ ነበሩ፤ ጡቡንም መሬቱንም ገዝተው ነው፤ ሌላው ምን ያድርግ» ይለን ይሆናል። ስለዚህ ደመወዙ ትንሽ የነበረ የአንድ ፖስተኛ ነገር እንጨምራለን። ሙሴ ፈርዲናን ሸቫል በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ኦትሪቭ በምትባል መንደር በየቀኑ ሠላሳ ኪሎሜትር ያህል በእግራቸው እየሄዱ ደብዳቤ ያድሉ ነበር። በ1879 በ43 ዓመታቸው መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ አሰናከላቸው፤ ጎንበስ ብለው ሲያዩት መልኩ እንግዳ ሆነባቸውና ከኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ ከዚያው ስፍራ ሌሎች አገኙ። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን በኪስ፤ ቀጥሎ በቅርጫት፤ በመጨረሻም በእጅ ጋሪ እየሰበሰቡ፤ ማታ ማታ በመብራት እየሠሩ፤ ቀድሞ በአሳባቸው ያዩት የነበረውን ቤተ መንግሥት በኖራና በሲሚንቶ ማቆም ጀመሩ። ጎረቤቶቻቸው አበዱ አሏቸው። ሥራው 33 ዓመት ፈጀ፤ ራሳቸው በግንቡ ላይ እንደ ጻፉት 10 ሺሕ ቀን፤ 93 ሺሕ ሰዓት ነው።

በ1894 ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጃቸው አሊስ ሞተችባቸው። እኒህ አባት ምን እንደ ተሰማቸው ለመናገር አንደፍርም፤ የሚታወቀው ሥራውን አለመተዋቸው ነው፤ በአጠገቡም የሠሩትን መኖሪያ ቤት በልጃቸው ስም ሰየሙት። ቤተ መንግሥቱ በ1912 አለቀ። በውስጡ ለመቀበር ቢመኙ ሕግ አልፈቀደላቸውም፤ እርሳቸውም ሰማንያ ዓመት ሊሆናቸው ጥቂት ሲቀራቸው በመንደሩ መካነ መቃብር የገዛ መቃብራቸውን መገንባት ጀምረው በ8 ዓመት ጨረሱ። በ1924 ዐረፉ። በ1969 የፈረንሳይ መንግሥት ቤተ መንግሥቱን በታሪክ ቅርስነት መዝግቦታል።

ወደ ሐኪሞች ነገር ስንመጣ፤ የእጅ ሥራ ለበሽተኛ መድኃኒትነቱ ሥርዐት ያለው ትምህርት ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን የሚባል አሜሪካዊ የቤት ነዳፊ መሐንዲስ ነበረ። እርሱ ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ፤ እግሩ ተቆርጦ፤ ግራ ጎኑ ሽባ ሆኖ፤ በብርቱ ተስፋ መቁረጥ ውስጥ ወድቆ ሳለ በእንጨት ሥራና በአትክልት ሥራ ተበረታታ፤ በ1914 በኒውዮርክ አገር ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ስፍራ «የመጽናኛ ቤት» ብሎ የሰየመውን ቤት ከፈተ፤ በ1917 ደግሞ ከጓደኞቹ ጋራ በሥራ የማከምን ማኅበር አቋቋመ።

በዘመናችን የድብርት ሕመም ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አንዱ ዘዴ ከዚሁ ጋራ ይስማማል። ድብርት የያዘው ሰው «ፍላጎቴ ሲመለስ እሠራለሁ» ይላል፤ ፍላጎቱ ግን የሚመለሰው ከሥራው በኋላ ስለ ሆነ ሲጠብቅ ይኖራል። ሐኪሙ ይህንን ተገላቢጦሽ ያቃናል፤ በሽተኛው ፍላጎት ሳይኖረው ትንሽ ሥራ በተወሰነ ሰዓት እንዲጀምር ያደርጋል። በ2016 ደግሞ በፊላዴልፊያ ከተማ ባለው በድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 39 ሰዎችን ለ45 ደቂቃ በሸክላ ጭቃ፤ በወረቀትና በቀለም እንደ ወደዱ እንዲሠሩ አድርገው፤ ከሥራው በፊትና በኋላ ምራቃቸውን መርምረው ነበር። ኮርቲሶል የሚባለው በጭንቀት ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚበዛው ቅመም ከአራቱ ሦስት እጅ በሚሆኑት ሰዎች ላይ ቀንሶ ተገኘ። የሚያስደንቀው፤ ከዚህ በፊት በሥራው የለመደውና ያልለመደው ልዩነት አልታየባቸውም። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ናቸውና፤ ዝም ብለው ከተቀመጡ ሌሎች ሰዎችም ጋራ አልተነጻጸሩምና፤ በዚህ ብቻ ታላቅ ነገር ተረጋገጠ ማለት አይገባም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳናስጠነቅቅ አናልፍም። ትካዜ ሁሉ አንድ አይደለም። ከቤተ ሰብ መካከል አንዱ ለሳምንታት ምግብና እንቅልፍ አጥቶ፤ ከሰው ተለይቶ፤ ይልቁንም ሕይወቱን የሚጠላ ቃል መናገር ጀምሮ እንደ ሆነ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ማድረስ ነው እንጂ ጡብ ማቀበል አይደለም። የእጅ ሥራ ሕክምናን ይደግፋል፤ በስፍራው አይተካም። እንዲህ ያለውንም ሰው «ሰነፍክ፤ ተነሥተህ ሥራ» ብሎ መገሠጽ ከደዌው የማያንስ ጉዳት ነው።

በአገራችን ከዚህ ነገር ፊት የቆመ አንድ የቆየ ግንብ አለ፤ እርሱም የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ ሁሉ እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። ስድቡ ዛሬ በአፍ ባይነገርም በልብ አልጠፋም፤ ብዙ ባለ ማዕረግ ሰው በጓሮው ድንጋይ ሲያነሣ ጎረቤት እንዳያየው ይሳቀቃል። ወዲያው አሽከር ጠርቶ ያስነሣዋል፤ ድንጋዩ ይነሣል፤ ትካዜው ግን ካለበት አይነቃነቅም።

እኛም ይህን ከመጻፋችን በፊት እንሞክረው ብለን በጓሮ የዶሮ ቤት ለመገንባት ተነሥተን ነበር። ሠራተኛ እንዳንጠራ ተማምለን ጀመርን። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዱ ግድግዳ ቱንቢ ቢጣልበት አራት ጣት ያህል ወደ ደጅ አዘንብሎ ተገኘ፤ የቤት እመቤትም መጥተው «ዶሮዎቹን ከዚህ በታች አላሳድርም» ብለው ፈረዱ። አፍርሰን እንደ ገና ሠራነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የመሥሪያ ቤት ነገር አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተነሣ ያስተዋልነው ማታ እጃችንን ስንታጠብ ነው።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው ቢኖር፤ ከትንሽ ነገር ይነሣ። በደጃፍ ላይ የአበባ መደብ፤ ለልጆች የአሻንጉሊት ቤት፤ ከካርቶንና ከሸምበቆ የተሠራ የአያት ጎጆ አምሳል፤ ይህ ሁሉ ሥራ ነው። ቤቱ ጠባብ የሆነበት ሰው ጠረጴዛ ይበቃዋል። በአንድ ቀን የሚያልቅ ክፍል እየለየ ይሥራ፤ ሰዓቱንም ይወስን፤ ልጆቹንም ያሳትፍ፤ ግን ማንኪያውን ከእጃቸው እየነጠቀ «እንዲህ አይደለም» አይበላቸው፤ ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን አለቃ ወደ ጓሮ ማምጣቱ ነው። ውድድርም አያድርገው፤ ለጎረቤት ለማሳየት የሚሠራ ሰው ሌላ ጭንቀት በራሱ ላይ ይጨምራል። ወጪውንም አስቀድሞ ከባለቤቱ ጋራ ይነጋገርበት፤ በቻርትዌል ጉዳይ የወይዘሮ ክሌመንታይንን ወገን መያዛችንን አንደብቅም። በ1946 የሰር ዊንስተን ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው ቤቱን ገዝተው ለአገሪቱ የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ባይሰጡት ኖሮ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተቀምጠውበት ለመኖር ባልቻሉም ነበር።

ሰር ዊንስተን በጥር 1965 ዐረፉ፤ ቻርትዌልም በማግስቱ ዓመት ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ጎብኚዎች በአትክልቱ መካከል ሲያልፉ ያ ቀይ የጡብ ግንብ እንደ ቆመ ያገኙታል። በላዩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው ምንም አይናገርም፤ ከ1925 እስከ 1932 ባሉት ዓመታት የዚህን ግንብ የሚበዛውን እጅ ዊንስተን በገዛ እጁ እንደ ሠራው ብቻ ይመሰክራል።